ወጥተው ይግቡ

ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን እያወለቅሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የመሥሪያ ቤቱንም ስም እንዲሁ። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ እንቢ አለኝ እኮ።»

«ምኑ ነው እንቢ ያለዎት?»

«ያ ፎልደር ነዋ! ገብተዋል ብለኸኝ አልነበር እንዴ?»

ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው የፈቃድ ወረቀት ሰጥተውኝ፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰነዶች የሚጠራቀሙበትን ፎልደር መክፈት የሚችለው ቡድን ውስጥ ስማቸውን ጨምሬ፣ «እትዬ፣ ገብተዋል» ብዬ ደውዬላቸው፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ሥራው በጠቅላላ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቡድኑን ትከፍታለህ፣ ስም ትጽፋለህ፣ እሺ ትላለህ፤ በቃ። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ እኛ አይቲዎች በቀን አሥር ጊዜ የምንላትን፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ከሰላምታችን ለይቶ የማያያትን ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን አልኳት።

«እትዬ፣ አንዴ ወጥተው ይግቡ።»

«ከምኑ ነው የምወጣው?»

«ከኮምፒውተሩ። ሎግ ኦፍ አድርገው፣ ተመልሰው በፓስወርድዎ ይግቡ።»

«ከወጣሁማ ይሞትብኛል!»

የሚሞተው የሒሳብ ፕሮግራሙ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መኪና፣ ጄኔሬተር አንድ በአንድ እየቆጠረ የዓመቱን የእርጅና ተቀናሽ ያሰላል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተጀመረ ስሌት ነው፣ ገና ከግማሽ ትንሽ አልፏል። ፕሮግራሙ ያረጀ ስለሆነ ከመሐል ከተቋረጠ የጀመረበትን አያስታውስም፣ ከዜሮ ነው የሚነሣው። ሰነዱ ደግሞ ለሐምሌ 1 ጠዋት መድረስ አለበት። ስለዚህ እትዬ መውጣት አይችሉም፤ ካልወጡ ደግሞ መግባት አይችሉም። ገብተዋል እኮ፣ ግን አልገቡም። ለእሳቸው ይኼንን በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም። ጫማዬን መልሼ አሰርኩና በዝናብ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።

ነገሩን ለእኔ ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የሰርቨር ክፍሉ አንጋፋ ነበሩ፤ ሥራ ስጀምር አጠገባቸው ወንበር ሰጡኝ፣ የማውቀውን ግማሹን እዚያ ወንበር ላይ ተማርኩት። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዱን ሠራተኛ ቡድን ውስጥ ጨምሬ «ለምንድን ነው የማይከፍትለት?» ብዬ ስጨነቅ አዩኝ።

«አንተ ያላገባህ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«የቀበሌ መታወቂያህም ላይ ያላገባ ይላል። ነገ ብታገባና መዝገቡ ላይ ‹ያገባ› ተብሎ ቢጻፍልህ፣ ኪስህ ውስጥ ያለችው ካርድ በራሷ ትለወጣለች?»

«አትለወጥም።»

«በር ላይ ያለው ጥበቃስ የሚያየው መዝገቡን ነው ካርዷን?»

«ካርዷን።»

«በቃ። ልጁ ካርዱን ይቀይር። ወጥቶ ይግባ በለው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰነድ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም። ወደ ዊንዶውስ ስንገባ ማሽኑ ማንነታችንን አጣርቶ አንድ የማይታይ ካርድ ያዘጋጅልናል፣ ቶክን ይሉታል። እዚያ ላይ እኛ ማን እንደሆንንና በዚያች ደቂቃ የየትኞቹ ቡድኖች አባላት እንደነበርን ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የምንከፍተው ፕሮግራም ሁሉ የዚያን ካርድ ግልባጭ ይዞ ይወለዳል። ፋይል ሲከፈት የሚታየው ካርዱ ነው፤ ማንም ተመልሶ ዋናውን መዝገብ አይጠይቅም። መዝገቡ ላይ ከሰዓት በኋላ ስምህ ቢጨመር፣ የጠዋቱ ካርድህ ስለ ከሰዓቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ብዙ ሰው እስክሪኑን ቆልፎ ሲከፍተው የሚታደስ ይመስለዋል። አይታደስም። ቆልፎ መክፈት ካርዱን ኪስ ውስጥ እንዳለ ትቶ ትንሽ መተኛት ነው።

ይኼ ስንፍና አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ እኔም ስንፍና መስሎኝ ነበር። ግን አስቡት፤ አንድ ሠራተኛ በቀን ስንት ሺህ ፋይል እያወቀም ሳያውቅም ይነካል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ቤት ደርሶ መመለስ ቢኖር፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር የገዛ ጠረጴዛችን ላይ ያለችውን ደብዳቤ ለመክፈት እንኳ «ሲስተም የለም» እንባል ነበር። በየባንኩ መስኮት የምንሰማት ያቺ ቃል ቤታችን ትገባ ነበር። ካርዱ የተፈጠረው መዝገቡን እንዳያስቸግር ነው፤ የማይታደሰውም በዚያው ምክንያት ነው።

ከዚህ ካርድ ሌላ ደግሞ ቲኬት አለ። ከርቤሮስ የሚባለው አሠራር ነው፤ በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ አቴና በተባለ ፕሮጀክት ውስጥ ተሠራ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ዋና መግቢያው አደረገው። ስሙ የተወሰደው በግሪኮች ተረት የሙታንን አገር በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ጠዋት በፓስወርድህ ስትገባ ዋናው ሰርቨር አንድ ትልቅ ቲኬት ይሰጥሃል፣ ያንን እያሳየህ ለየሰርቨሩ ትንንሽ ቲኬት ታወጣለህ። ካልተቀየረ በቀር ዕድሜው 10 ሰዓት ነው። ቡድኖችህ የታተሙት እዚያ ትልቁ ቲኬት ላይ ነው፤ ትንንሾቹም ከእሱ ነው የሚገለብጡት። የሌላ ማሽን ፎልደር ለመክፈት የሚታየው እንግዲህ ይኼ ቲኬት ነው፤ እዚያ ያለው ሰርቨር የአንተን ካርድ አያይም፣ ቲኬትህን አይቶ የራሱን ካርድ ያዘጋጅልሃል።

የዚህ ውሻ ሌላው ጠባዩ ሰዓት ነው። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ ቲኬቱን አይቀበልም። አንድ ጊዜ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ፎልደሮቹ በሙሉ ተዘጉብኝ ብለው ጠሩኝ። ያኔ ሁሉም ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ አለቃ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን አይነኩትም። ሄጄ ሳየው ማሽኑ በሰርቨሩና በእርስዎ መካከል የሰዓት ልዩነት አለ እያለ ያማርራል። ቀና ብዬ የእስክሪኑን ጥግ ሳይ 4 ሰዓት ከ10 ይላል፣ ከጠዋቱ። የእጄ ሰዓትም 4 ከ10 ይላል። አንድ ደቂቃ ያህል ምንም ስሕተት አልታየኝም ነበር! ሰውዬው «ሰዓቱ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ዛሬ አስተካከልኩት» አሉኝ። ወደ እኛ ሰዓት መልሰውት ነው። የውጭዎቹ 10 ሰዓት ከ10 የሚሉትን 4 ሰዓት ከ10 አድርገውት፣ ማሽኑ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። መልሼ ሳበላሽባቸው በጣም ነው ያዘኑብኝ።

ወደ እትዬ ልመለስ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ የእሳቸው ክፍል ብቻ በርቷል። ጠረጴዛቸው ላይ በፔርሙዝ ሻይና በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አለ። ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጡኝና ከኋላዬ ቆሙ።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ «ኬሊስት» ብዬ ጻፍኩ። የያዟቸው ቲኬቶች በሙሉ ተዘረዘሩ፣ ለማን እንደተሰጡ፣ ስንት ሰዓት እንደወጡ፣ መቼ እንደሚያበቁ።

«ይኼ ሁሉ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው፤ አሁን አጠፋዋለሁ።»

የማጥፋትን ቃል ባልናገር ይሻል ነበር። ትከሻዬን ያዙኝ፣ በሰኔ 30 ማታ የሒሳብ ሰው ፊት «አጠፋለሁ» አይባልም። ፕሮግራሙን እንደማልነካ ምዬ ተገዝቼ ነው የለቀቁኝ። «ኬሊስት ፐርጅ» አልኩ። ቲኬቶቹ ጠፉ። ፕሮግራሙ ከጎን 63 በመቶ ላይ እያጉረመረመ ቀጠለ። የሚያምረው ነገር ይኼ ነው፤ ሰውየው ሳይወጣ ቲኬቱ ብቻ ይጣላል፣ ማሽኑም በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስፈልገው ሄዶ አዲስ ያወጣል፣ አዲሱ ላይ ደግሞ አዲሱ ቡድን ታትሞ ይመጣል። ፎልደሩን በኩራት ጫን አደረግሁ።

ተከልክለዋል።

ጋሼ ደውዬላቸው ነበር ሚኒባስ ውስጥ፣ «ፐርጅ አድርገው» ብቻ ብለውኝ ዘጉ። መልሼ ደወልኩ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ከዚያ ሰርቨር ላይ ሌላ የተከፈተ ነገር አላቸው?»

አላቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተከፈቱ ሦስት ኤክሴል።

«እንግዲህ ጥበቃው ጠዋት አይቷቸዋል፤ የሚያውቃትን ሴትዮ ለምን ቲኬት ይጠይቃታል? በጠዋቱ መልኳ ነው የሚያውቃት። ኤክሴሉን ዝጉና ግንኙነቱን ቁረጡ።»

«ኤክሴሎቹ ከፕሮግራሙ ጋር የተያያዙ ናቸው መሰለኝ ጋሼ፤ ብዘጋቸው እትዬ ይገድሉኛል።»

ሳቁ። «እንግዲያው ሰርቨሩን ከነአባቱ ጥራው።»

ሰርቨሩን ሁላችንም በአጭር ስሙ ነው የምንጠራው። ሙሉ ስሙ ግን ነጥብ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ነጥብ እያለ ይቀጥላል። በሙሉ ስሙ ሲጠሩት ዊንዶውስ ሌላ ሰው የተጠራ ነው የሚመስለው፤ አዲስ ግንኙነት ይጀምራል፣ አዲስ ቲኬትም ይጠይቃል። አድራሻውን ከነአባቱ ጻፍኩና አስገባሁ። ተከፈተ። እትዬ «እልልል» አሉ ቀስ ብለው፣ ማንም በሌለበት ፎቅ።

እስከ 6 ሰዓት አብሬአቸው አመሸሁ። ስሌቱ 100 ሲደርስ ሰነዱን ራሳቸው ናቸው ወደ ፎልደሩ የጨመሩት። ዳቦውን ግማሽ ሰጡኝ።

ይኼ ዘዴ ለሁሉም ነገር እንደማይሠራ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ይኼንን አንብቦ ነገ ቢሮ ሄዶ የሚሞክር ይኖራል። ቲኬት መጣል የሚጠቅመው በኔትወርክ ለሚደረስበት ነገር ነው። እዚያው ማሽን ላይ ያለ ፎልደር ወይም የማሽኑ አስተዳዳሪነት ከሆነ ግን የሚታየው ካርዱ ነው፣ ካርዱ ደግሞ አይታደስም። እዚያ ላይ ያለው መላ በራስህ ስምና ፓስወርድ አዲስ ፕሮግራም ማስነሣት ነው፤ «ራን አዝ» በሚባለው ትእዛዝ፣ ራስህን እንደ ሌላ ሰው አድርገህ። ያ ፕሮግራም አዲስ ካርድ ይዞ ይወለዳል፣ ሌሎቹ በአሮጌው ይኖራሉ፤ አንድ ሰው በአንድ እስክሪን ላይ ሁለት ሆኖ ይውላል ማለት ነው። ኮምፒውተሮች ራሳቸውም የቡድን አባል ይሆናሉ፣ የእነሱን ቲኬት ለማስጣል ሪስታርት ማድረግ የግድ አይደለም፤ ሲስተሙ ራሱ የሚቀመጥባት መለያ በሁሉም ዊንዶውስ ላይ አንድ ናት፣ ዜሮ ኤክስ 3ኢ7፣ እሷን ጠቅሰህ ፐርጅ ማድረግ ትችላለህ። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ከሆንክ ደግሞ ችግሩ ከናካቴው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ከተሞች ያሉ ዋና ሰርቨሮች ካልተነገራቸው በቀር የሚነጋገሩት በየ3 ሰዓቱ ነው፣ አዲስ አበባ የገባ ስም እዚያ ገና አልደረሰም። ያኔ ወጥተህ ብትገባም የምትይዘው አሮጌ ካርድ ነው።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ያው ነው፣ ግን ግልጽ ነው። «አይዲ» ብለህ ብቻ ስትጽፍ አሁን የተቀመጥክበት መስኮት ምን ካርድ እንደያዘ ይነግርሃል። «አይዲ» ብለህ ስምህን ስትጨምርበት ግን ሄዶ መዝገቡን አይቶ ይመጣል። አዲስ ቡድን ከተጨመርክ በኋላ ሁለቱን አከታትለህ ብትጠይቅ ስለ አንድ ሰው ሁለት መልስ ታገኛለህ፣ ሁለቱም እውነት። «ኒውግሩፕ» የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ሳትወጣ አዲሱን ቡድን የያዘ አዲስ ሼል እዚያው መስኮት ውስጥ ትከፍትልሃለች። እኔ ግን ይኼን ሁሉ በሰላም አልተማርኩትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ራሴን ዶከር የሚባለው ቡድን ውስጥ ልጨምር «ዩዘርሞድ» ብዬ ጻፍኩ። ትልቋን ጂ አስገባሁ፣ ትንሿን ኤ ረሳሁ። ትንሿ ኤ «ጨምር» ማለት ናት። እሷ ከሌለች ትእዛዙ «ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑ ይኼ ብቻ ነው» ይሆናል። ወደ ዶከር ስገባ ከሌላው ሁሉ ወጣሁ፤ ሱዱ የሚባለውን፣ አለቃ የሚያደርገኝን ቡድን ጨምሮ። ያወቅሁት ሁለተኛ መስኮት ከፍቼ አንድ ነገር ሳዝ ነው። ማሽኑ ስሜ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ እንደሌለና ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ ነገረኝ። ሪፖርቱ የሚደርሰው ለእኔው ነው።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። የሩት ፓስወርድ የለንም፣ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውን ነገር ደግሞ በሥራ ሰዓት ማጥፋት አይቻልም። ጋሼ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ናቸው። ደወልኩ። አስጨርሰው እንኳ አልሰሙኝም።

«የመጀመሪያው መስኮት ክፍት ነው?»

«ነው።»

«እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሣ። እንዳትወጣ! ሰማኸኝ? እንዳትወጣ።»

የመጀመሪያው መስኮት ጠዋት የተወለደ ነው። ካርዱ የጠዋት ነው፤ እሱ ዘንድ እኔ ገና አለቃ ነኝ። በዚያ መስኮት ራሴን መለስኩ፣ ትንሿን ኤ ሁለቴ አይቼ። ዓመቱን ሙሉ ሰውን ሁሉ «ወጥተው ይግቡ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ያዳነኝ አለመውጣቴ ነው።

አሁን ልጽፈው ወደምፈልገው ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ምናልባት ለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኃላፊው ጠሩኝ። በሩን ዘግተው የጋሼን ፈቃድ በሙሉ እንዳነሣ ነገሩኝ። «ከአሁኑ ሰዓት ጀምሮ። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ይደርሳቸዋል። አካውንቱን ማታ ትዘጋዋለህ፣ ቡድኖቹን ግን አሁን።» ምክንያቱን እዚህ አላነሣም፤ የግዢ ጉዳይ ነበር፣ ጋሼ አልፈርምም ያሉት ወረቀት ነበር፣ ከዚያ በላይ የማውቀው በወሬ ነው።

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው በስልክ ስለ ጤፍ ዋጋ ከሰው ጋር ይከራከራሉ። አሥራ አራት ቡድን ውስጥ ነበሩ። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አሥራ አራት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ተብዬ አሥራ አራት ጊዜ አዎ አልኩ። ሲያልቅ ስልካቸውን ዘግተው «ኩንታሉን በዚያ ዋጋ! ሰው አብዷል እኮ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚሠሩት ደግሞ ሰርቨር ላይ ነበር። ምንም አልተዘጋባቸውም። ሊዘጋባቸውም አይችልም፤ ካርዳቸው የጠዋት ነው።

ኃላፊው ደወሉ። «ተነሥቷል?»

«ተነሥቷል» አልኩ።

እውነት ነው። መዝገቡን ለሚጠይቅ ሰው እውነት ነው። ከሰርቨሩ ሆኜ በአንድ ትእዛዝ ላስወጣቸው እችል ነበር፤ ኃላፊው ይኼ እንደሚያስፈልግ አያውቁም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና። ሙያው የሚለውን አልደብቅም፤ ሙያው አስወጣ ይላል። የሁሉም ሰርቨር ቁልፍ የያዘ፣ የተከፋ ሰው፣ ለግማሽ ቀን ክፍት በር ሊተውለት አይገባም። ሌላ ሰው እንዲህ ማድረጉን ቢነግረኝ ደጋግሜ እወቅሰው ነበር። በኋላም፣ የአንዲት ተለማማጅ ውል ያበቃ ዕለት፣ ደንቡን ጠብቄ ከመሐል አስወጥቻታለሁ፤ ግማሽ ገጽ የጻፈችው ደብዳቤ ጠፋባት፣ ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» ብላ ዞር ዞር አለች። ደንቡ የተከበረበት ቀን ያ ነው። ከሁለቱ የትኛውን ሳስብ እንደሚቆረቁረኝ ብትጠይቁኝ፣ ሁለተኛው ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደብዳቤው መጣ። ጋሼ ቆመው አነበቡት፣ አጥፈው ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ተቀምጠው ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«አንተ ነህ ያነሣኸኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«4 ከሩብ ላይ።»

አልተቆጡም። ጥቁሩን መስኮት ከፍተው «ኬሊስት» ጻፉ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የማብቂያውን ሰዓት አነበቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው የገቡት።

«12 ሰዓት ተኩል ይላል። አራት ሰዓት ተኩል አለኝ» አሉ። ቀጥለው ዞረው አዩኝ፣ «ወይስ ልታስወጣኝ ነው?»

«ቡና ላምጣልዎት?» አልኩ።

አመጣሁላቸው። ሲመለከቱኝ አልተመለከትኳቸውም። እስከ ማታ ይጽፉ ነበር። አልፎ አልፎ ተነሥተው ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገብተው፣ የአንዱን ገመድ ጫፍ አይተው ተመልሰው ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነበር፤ ያንንም አልክድም። 10 ሰዓት ላይ አንድ ሰርቨር ትንሽ ሲዘገይ ልቤ ወደ ጉሮሮዬ መጣ፤ ባክአፕ ነበር።

12 ሰዓት ካለፈ በኋላ የጽሑፉን መስኮት ዘጉ። የመሳቢያቸውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ከዚያ ራሳቸው ወጡ፤ ሎግ ኦፍ የምትለውን በራሳቸው እጅ ጫኗት። እስክሪኑ ስምና ፓስወርድ ወደሚጠይቀው ገጽ ሲመለስ ትንሽ አዩት።

«ወጥቼ ብገባስ?» አሉና ሳቁ። ኮታቸውን አነሡ። «በል፣ ሥራህን ጨርስ።»

አካውንቱን ዘጋሁት።

በማግሥቱ በጋራ ፎልደራችን ውስጥ አንድ ፋይል አገኘሁ። ስሙ «ርክክብ» ይላል፣ የተቀመጠው 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ነው፣ 19 ገጽ። የማንኛውም ሰርቨር ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ። የትኛው ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ። የትኛው ማሽን ከመብራት መጥፋት በኋላ ሰዓቱን እንደሚረሳና ባትሪው መቼ እንደተቀየረ። የትኛው ቡድን ለምን እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳስፈጠረው፣ የትኛውን መሰረዝ እንደሚቻልና የትኛውን መንካት እንደማይገባ። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ኃላፊው፣ ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሒሳብ ክፍል በር ጀርባ ያለችው ገመድ ተላልጣለች፣ ከክረምቱ በፊት ትቀየር።

እትዬ ጡረታ ወጡ፣ ክረምቱም ስንቴ መጥቶ ሄደ። ገመዷ አሁንም በፕላስተር ተጠቅልላ እዚያው ናት።